ኦዲዮ ኢንተርፌስ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ቤቱ ውስጥ የመሰንቆ ድምፅ ሊቀርጽ የሞከረ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ማይኩን ኮምፒውተሩ ላይ ባለችው የማይክ ቀዳዳ ሰክቶ ሲቀርጽ ከመሰንቆው ሥር እሽሽ የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ይሰማል። ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥዝዝ የሚልም አለ። ብዙው ሰው "ኮምፒውተሩ አርጅቷል" ብሎ ይተወዋል። እርጅናው ግን ብዙም ጥፋት የለበትም።

ከማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ደካማ ነው፤ በሚሊቮልት ነው የሚለካው። የኮምፒውተሩ የድምፅ ቺፕ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ፣ ከሃርድ ዲስኩና ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ታጉሯል። የእነሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ያንን ደካማ ሲግናል ይቀላቀለዋል። ከዚያ ድምፁ ሲጎላ ረብሻውም አብሮ ይጎላል።

ኦዲዮ ኢንተርፌስ የድምፁን ሥራ ከኮምፒውተሩ ሳጥን የሚያስወጣ ትንሽ መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰካው በዩኤስቢ ነው። የማይኩን ድምፅ ራሱ ያጎላል፣ ራሱ ወደ ቁጥር ይለውጣል። በሲዲ ደረጃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ ለቪዲዮ የተለመደው 48,000 ነው። ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ያለቀለትን ቁጥር ስለሆነ የውስጡ ረብሻ ብዙም አይነካውም። ስናዳምጥ ደግሞ ቁጥሩን መልሶ ወደ ድምፅ ይለውጣል።

አሮጌው ኮምፒውተር ይችለዋል ወይ? አዎ። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያሳልፋል። ግራና ቀኙን በሰከንድ 48,000 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ24 ቢት ቁጥር ብትቀርጹ የሚያስፈልጋችሁ 2.3 ሜጋቢት ገደማ ነው። ኦዳሲቲን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ለመቅረጫ ይበቃል።

ስትገዙ ግን ሥራችሁን እዩ። ለመሰንቆና ለዘፈን ማይክ መቀበል አለበት። ቤሪንገር ዩኤም2 ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ለማይሠራው ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልትም ይሰጣል። የድሮ የሰርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልገልብጥ ለሚል ሰው ግን አይመችም፣ ምክንያቱም ካሴት ግራና ቀኝ እኩል መግቢያ ይፈልጋል። ለዚያ የዚያው ኩባንያ ዩሲኤ202 ይሻላል። እሱ ደግሞ የማይክ መግቢያ የለውም። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ተራ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይበቃችኋል፣ ብር አታባክኑ።

ሌላው ነገር መዘግየት ነው። የራሳችሁን ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል ዞሮ ስትሰሙት ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለዘፋኝ ያበሳጫል። ዩኤም2 ላይ ያለው የዳይሬክት ሞኒተር ማብሪያ ድምፁን ሳያዞር ቀጥታ ወደ ጆሮ ይሰዳል።

ሻጩ "ስቱዲዮ ይሆንልሃል" ቢል ግን አትመኑት። ክፍሉን አይቀይርም። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ብትቀርጹ ዝናቡን ጥርት አድርጎ ነው የሚሰጣችሁ። ባዶ ግድግዳ የሚያስተጋባ ከሆነ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ከውድ ማይክ በላይ ይጠቅማል። እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ50 ኸርዙ መብራት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት። ባትሪው የሞተ ከሆነ ኮምፒውተሩንም ስፒከሩንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ መሣሪያው እናንተ ከጫናችሁት ዊንዶውስ ጋር እንደሚሠራ ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ።