የኳስ በረራ በጎጃም አየር

ከእጅ ወይም ከእግር የተለቀቀ ኳስ መሬት እስኪነካ ድረስ የሚያዝዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የመሬት ስበትና አየር። ስበቱ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ያው ነው ማለት ይቻላል። አየሩ ግን ይለያያል።

ስበት ኳሱን ወደ ታች ብቻ ነው የሚስበው። ወደ ታች ያለው ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፤ ወደ ፊት ያለውን አይነካውም። ስለዚህ መንገዱ ቅስት ይሆናል። ጋሊሊዮ ይህንን በ1638 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት በ45 ዲግሪ የተመታ ኳስ፣ አየር ባይኖር ኖሮ፣ 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 41 ሜትር ገደማ ላይ ያርፍ ነበር።

አየር ግን አለ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ መቋቋም ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የእግር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲበር፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ አየሩ የሚይዘው ኃይል ከራሱ ክብደት ጋር ይቀራረባል። የገናዋ ሩር ትንሽና ጠጣር ስለሆነች ይህ ብዙም አያስቸግራትም።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ከሩቅ የተለጋ ኳስ ፍጥነቱን ይዞ ይመጣል፤ በረኛው ይቸገራል።

አጥቂውም ቢሆን ሁሉ ነገር አልተመቸውም። ጠምዝዘው የመቱት ኳስ ሲሽከረከር ከኋላው ያለውን አየር ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ አየሩ ደግሞ ኳሱን ወደ ሌላው ጎን ይገፋዋል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ማግነስ በ1852 እ.ኤ.አ. ያጠናው ይህንን ነው። የሚገፋው አየር ከሳሳ ኩርባውም ይቀንሳል። ቆላ የለመደ ተጫዋች ደጋ ላይ ኮርና ሲመታ ኳሱ ሳይታጠፍ ቢያልፈው እግሩን አይውቀስ። ጮቄ ተራራ ላይ፣ 4,000 ሜትር አልፎ፣ ከዚህም ይብሳል፤ እዚያ ግን ቀድሞ የሚያልቀው የተጫዋቹ ትንፋሽ ነው።

ብዙ ሰው የክረምት አየር ይከብዳል ይላል። በእኩል ሙቀትና ግፊት እርጥብ አየር ከደረቁ ጥቂት ይቀላል። ክረምት ላይ ኳሱን የሚያከብደው የሚይዘው ውኃና ጭቃ ነው።