ስለ ኢንዲያን ፖይንት የኒውክሌር ማመንጫና ስለ ሃድሰን ወንዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢንዲያን ፖይንት የተባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ ቡካናን በምትባል ትንሽ መንደር፣ በሃድሰን ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ሪአክተር በ1962 ሥራ ጀምሮ በ1974 ቆመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመሩት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሪአክተሮች በአንድነት 2,000 ሜጋዋት ያህል እያመነጩ ኒው ዮርክ ከተማና የዌስትቸስተር አውራጃ ከሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉን ሲሸፍኑ ኖረው፣ አንደኛው በኤፕሪል 2020፣ ሌላኛው በኤፕሪል 2021 ተዘግተዋል። ጣቢያውን ለማፍረስ የተረከበው ሆልቴክ የተባለ ኩባንያ በ2023 መጀመሪያ ላይ ያገለገለ ነዳጅ ተዘፍዝፎበት የነበረውን የገንዳ ውሃ አጣርቶ ወደ ወንዙ እንደሚለቅ ባስታወቀ ጊዜ በወንዙ ዳር ያሉ ከተሞች በተቃውሞ ተነሡ። በክርክሩ የተነገረው እውነትና ስሕተት የተቀላቀለበት ነበር፤ ስሕተቱም በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያም በ2025 ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ስለፈረመች፣ ማመንጫ በሚተከልበት አካባቢ ያለው ውሃ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

«ወደ ወንዙ የሚመለሰው ውሃ ሁሉ ሪአክተሩን አጥቦ የወጣ ነው»

አይደለም። በኢንዲያን ፖይንት የነበሩት ሪአክተሮች ሦስት የተለያዩ የውሃ ዑደቶች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ውሃ በነዳጅ ዘንጎቹ መካከል እያለፈ ሙቀታቸውን ይቀበላል፤ በከፍተኛ ግፊት ስለተያዘም ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢሞቅ እንኳ አይፈላም። ይህ ውሃ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ከቱቦዎቹ ውጭ ያለውን ሁለተኛውን ውሃ ያፈላዋል፤ ከሁለተኛው ውሃ የሚወጣው እንፋሎትም ተርባይኑን ያሽከረክራል። ከወንዙ የሚቀዳው ሦስተኛው ውሃ ሥራው ተርባይኑን አዙሮ የወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ወደ ውሃነት መመለስ ብቻ ነው። በመኪና ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃና ውጭ የሚነፍሰው አየር ሳይነካኩ ሙቀት እንደሚለዋወጡ ሁሉ፣ የወንዙም ውሃ በብረት ግድግዳ ተለይቶ ሙቀት ብቻ ይረከባል።

ይህ ሲባል ግን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ ወደ ወንዙ ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው ዑደትና ከገንዳዎቹ የሚጠራቀም በመጠን እጅግ ያነሰ ፈሳሽ በማጣሪያ ካለፈ በኋላ በታንክ ተይዞ፣ ናሙናው ተለክቶ፣ ከብዙ የማቀዝቀዣ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ በየጊዜው ይለቀቅ ነበር። ማመንጫው በሠራባቸው አሥርት ዓመታት ይህ የሚደረገው በፈቃድ ነበር፤ መጠኑም በየዓመቱ ለፌዴራሉ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይቀርብ ነበር። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የወንዙ ዳር ነዋሪ በሚገባው ቋንቋ እንዲያውቀው ማድረግ ግን ሌላ ነው። ጉዳዩን በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶ የደነገጠ ሰው የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

«ማመንጫው በወንዙ ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ጨረር ነው»

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተድበሰበሰው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። በማስረጃ በግልጽ የታየው የወንዙ ጉዳት የደረሰው ከጨረር ሳይሆን ከማቀዝቀዣው ውሃ ነው። አንድ የኒውክሌር ማመንጫ ከሚያመነጨው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው መወገድ አለበት። ኢንዲያን ፖይንት ደግሞ ማቀዝቀዣ ማማ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያስወጣ ረጅም ግንብ) ስላልነበረው ሙቀቱን የሚያስወግደው ከወንዙ ውሃ በመሳብና አሙቆ በመመለስ ነበር። ሁለቱ ሪአክተሮች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ የሚስቡት ውሃ በቀን እስከ 9.5 ቢሊዮን ሊትር ይደርስ ነበር።

ውሃው ከነሕይወቱ ነው የሚሳበው። በመግቢያው ላይ በመጀመሪያ ግንድና ቆሻሻ የሚያግዱ የብረት ዘንጎች አሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ እየተሽከረከሩ ውሃውን የሚያጣሩ ወንፊቶች ይገኛሉ። ትልልቆቹ ዓሦች በፍሰቱ ኃይል ከወንፊቱ ጋር ተጣብቀው ይያዛሉ። በኋላ የተተከሉት የተሻሻሉ ወንፊቶች የተያዘውን ዓሣ ውሃ በያዘ ባልዲ መሰል ጎድጓዳ አንሥተው ወደ ወንዙ ስለሚመልሱ የሚሞተው ዓሣ ቀንሷል። መጠኑ በሚሊሜትር የሚለካ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ግን ከወንፊቱ ቀዳዳ ስለሚያንስ ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑ ያንገላታዋል፣ ሙቀቱ ያገኘዋል፣ ቱቦዎቹ እንዳይሻግቱ በሚጨመር ኬሚካልም ይመታል። በዚህ መንገድ በየዓመቱ ያልፍ የነበረው የዓሣ እንቁላልና እጭ ከአንድ ቢሊዮን በላይ እንደሆነ ተገምቷል። በሃድሰን እንቁላላቸውን ከሚጥሉት ዓሦች አንዱ የሆነው ስትራይፕድ ባስ በዩናይትድ ስቴትስ ምሥራቃዊ ጠረፍ ብዙ ዓሣ አጥማጆች የሚተማመኑበት ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ የቡካናን ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ከእነዚህ እንቁላሎች አብዛኞቹ በተፈጥሮም ሳያድጉ የሚሞቱ መሆናቸውን የኩባንያዎቹ ባለሙያዎች ደጋግመው አንሥተዋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ሞቱ በዓሣው ብዛት ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የነበረው ሙግትም በሳይንቲስቶች መካከል የተካሄደ ከባድ ሙግት ነው። ሆኖም የኒው ዮርክ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2010 ማመንጫው ፈቃዱን ለማደስ የሚያስፈልገውን የውሃ ጥራት ማረጋገጫ ሲከለክል ከዋነኞቹ ምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የዓሣ ጥፋት ነበር። ከዚያ በፊትም በ1980 የተፈረመ ስምምነት በወንዙ ዳር የነበሩ ማመንጫዎች ዓሦች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት የሚስቡትን ውሃ እንዲቀንሱ፣ በምትኩም ውድ ማቀዝቀዣ ማማ ከመገንባት እንዲድኑ ፈቅዶ ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል የዘለቀው የወንዙ ተከራካሪዎች ትግል ዋና ማዕከል ዓሣና ሙቀት ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ጨረሩን ብቻ ማስታወሱ ያሳዝነኛል።

«የሃድሰን ዓሣ አይበላም የሚባለው በኒውክሌሩ ምክንያት ነው»

በዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከላይኛው የወንዙ ክፍል ዳር ካሉት ሁለት ፋብሪካዎቹ እስከ 1977 ድረስ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ያህል ፒሲቢ የተባለውን መርዛማ ኬሚካል በብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ግራም ወደ ወንዙ አፍስሷል። ኬሚካሉ በቀላሉ ስለማይበሰብስ በወንዙ ደለል ውስጥ ተቀምጦ፣ በዓሦች ስብ ውስጥ እየተከማቸ ኖሯል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የሃድሰንን ዓሣ እንዳይበሉ የሚያስጠነቅቁት ምክሮች በዋናነት የተሰጡት በእርሱ ምክንያት ነው። ጥፋቱን በተሳሳተ ቦታ የሚፈልግ ማኅበረሰብ ጽዳቱንም ካሳውንም ከትክክለኛው ባለዕዳ ሊጠይቅ አይችልም።

«ትሪቲየሙን አጣርተው ማውጣት ይችላሉ፤ ወጪ ፈርተው ነው እንጂ» — «ትሪቲየም ኢምንት ነገር ነው፤ ማንንም አይጎዳም»

ሁለቱም አባባሎች መታረም አለባቸው። በገንዳው ውሃ ውስጥ የሚገኘው ትሪቲየም ጨረር አመንጪ የሆነ የሃይድሮጅን ዓይነት ሲሆን፣ በውሃ ውስጥ እንደ ጨው ሟሙቶ የሚገኝ ሳይሆን ራሱ የውሃው ሞለኪውል አካል ሆኖ የሚገኝ ነው። ሲዚየምና ስትሮንቲየም የተባሉት ሌሎች ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በማጣሪያ ሲያዙ ትሪቲየም አብሮ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ትሪቲየም ያለበትን ውሃ ከተራው ውሃ የሚለዩ ቴክኖሎጂዎች አሉ፤ ነገር ግን መጠኑ አነስተኛ በሆነበት ብዙ ውሃ ላይ መጠቀማቸው እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ትክክለኛዎቹ አማራጮች ሦስት ናቸው፤ አቅጥኖ መልቀቅ፣ በታንክ አስቀምጦ ማቆየት፣ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ መውሰድ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 12.3 ዓመት ስለሆነ በታንክ ማቆየት ትርጉም አለው፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው መጠን የሚቀረው ከአሥር አንድ እጅ ያነሰ ነውና። ተቃዋሚዎች ይህን አማራጭ ሲያነሡ ያልተጠና ሐሳብ አላቀረቡም። በሌላ በኩል የታንክ መሰንጠቅና የሠራተኞች ለጨረር መጋለጥ በሚዛኑ ላይ መግባት አለባቸው።

የትሪቲየም ጨረር ደካማ ነው፤ ቆዳን አልፎ አይገባም። ጉዳት የሚያስከትለው ሲጠጣ፣ ሲተነፈስ ወይም በምግብ ሲገባ ሲሆን፣ ከሰውነትም እንደ ተራ ውሃ በሽንትና በላብ ይወጣል፤ ግማሹ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ አሥር ቀን ያህል ነው። ከሰውነት ኅብረ ሕዋስ ጋር የተዋሐደው ጥቂት ክፍል ግን ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የአሜሪካው የመጠጥ ውሃ ገደብ በሊትር 740 ቤከሬል (ቤከሬል የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን በሊትር 10,000 ቤከሬል ነው። የሁለቱ ልዩነት ብዙዎችን ያደናግራል፤ ምክንያቱ መሥሪያ ቤቶቹ ተቀባይነት ያለውን የጨረር መጠን በተለያየ መንገድ ማስላታቸው እንጂ ከሁለቱ አንዱ መዋሸቱ አይደለም። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ከሁለቱም ገደቦች በብዙ ሊበልጥ ይችላል፤ ወደ ወንዙ ከተለቀቀና ከቀጠነ በኋላ የሚገኘው መጠን ግን ከገደቦቹ እጅግ በታች እንደሚሆን ስሌቱ ያሳያል። ከገደብ በታች መሆን ግን የነዋሪውን የመጠየቅ መብት አይሽርም። ወንዙ የጋራ ሀብት በመሆኑ፣ ባለሙያው አደጋው አነስተኛ ነው ብሎ ሲያስረዳ ፈቃድ የተሰጠ አድርጎ መቁጠሩ ስሕተት ነው።

«ውሃው ወደ ባሕር ወርዶ ይጠፋል፤ ኒው ዮርክ ከተማም የሃድሰንን ውሃ ነው የምትጠጣው»

ታችኛው ሃድሰን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። የአትላንቲክ ውቅያኖስ በሞላና በጎደለ ቁጥር ወንዙም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፤ ይህ የባሕር ግፊት ትሮይ ከተማ አጠገብ እስካለው ግድብ ድረስ፣ ከወደቡ 240 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሰማል። በቡካናን የተለቀቀ ነገር የተወሰነ መንገድ ወደ ላይ ሊጓዝ የሚችለው ስለዚህ ነው። ፓኪፕሲን ጨምሮ ከማመንጫው በስተሰሜን ያሉ ሰባት ማኅበረሰቦች የሚጠጡት የሃድሰንን ውሃ ስለሆነ፣ ስጋታቸው ካርታን ከማያነብ ሰው የመጣ ተደርጎ መናቁ ትክክል አልነበረም። በአንጻሩ ኒው ዮርክ ከተማ የምትጠጣው ከካትስኪል፣ ከዴላዌርና ከክሮተን ተፋሰሶች በቦይና በዋሻ የሚመጣላትን ውሃ ነው።

«አንዴም አልፈሰሰም» — «የፈሰሰው ሁሉ ተደብቋል»

በሴፕቴምበር 2005 በሁለተኛው ሪአክተር የነዳጅ ገንዳ አጠገብ አፈር ሲቆፈር በኮንክሪቱ ግድግዳ ላይ እርጥበት የሚያዥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ይህን ተከትሎ በተቆፈሩ መቆጣጠሪያ ጉድጓዶች በከርሰ ምድሩ ውሃ ውስጥ ትሪቲየም ብቻ ሳይሆን ስትሮንቲየም-90ም ተገኘ። ስትሮንቲየሙ የመጣው ከ1974 ጀምሮ ከቆመው ከመጀመሪያው ሪአክተር ገንዳ ነበር፤ ነዳጁ በ2008 ወጥቶ ገንዳው ደረቀ። ስትሮንቲየም እንደ ካልሲየም በአጥንት ውስጥ ስለሚቀመጥ ከትሪቲየም ይልቅ በቁም ነገር የሚታይ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ በሦስት ጉድጓዶች የትሪቲየም መጠን በድንገት ከፍ ብሎ መገኘቱን የግዛቱ ገዥ ራሱ ለሕዝብ አስታውቋል። ይህ ሁሉ በይፋ የተመዘገበ ነው። ያ የከርሰ ምድር ውሃ ለመጠጥ የማይቀዳና ወደ ወንዙ የሚሰርግ ስለሆነ የአካባቢው ነዋሪ ከቧንቧው ጠጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ገንዳው ከመቼ ጀምሮ ሲያፈስ እንደኖረ በጊዜው የሚያሳይ ጉድጓድ አለመኖሩ የጣቢያው ትልቅ ድክመት ነበር።

«ከተዘጋ በኋላ ስጋቱም አብሮ ተዘግቷል»

ውሃ መሳቡ በመቆሙ ለዓሦቹ በእርግጥ እፎይታ ሆኗል፤ ይህ ሳይሸራረፍ መነገር አለበት። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ የጎደለውን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የተኩት በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ጣቢያዎች ስለሆኑ የአካባቢው የካርቦን ልቀት ጨምሯል። ያገለገለው ነዳጅም አገሪቱ ቋሚ ማስቀመጫ ስላላዘጋጀች በብረትና በኮንክሪት ዕቃ ታሽጎ እዚያው ወንዙ ዳር ተቀምጧል።

«ሕግ ስለወጣ ውሃው ከእንግዲህ አይለቀቅም»

የኒው ዮርክ ገዥ በኦገስት 2023 ጣቢያው በሚፈርስበት ጊዜ ጨረር አመንጪ ነገር ወደ ሃድሰን እንዳይለቀቅ የሚከለክለውን ሕግ ስትፈርም ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን በዩናይትድ ስቴትስ የጨረር ደኅንነትን የመቆጣጠር ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የሕጉ አርቃቂዎችም ይህን ስለሚያውቁ ክልከላውን በጤና ላይ ሳይሆን በቤት ዋጋ፣ በቱሪዝምና በወንዙ ኢኮኖሚ ላይ መሥርተውት ነበር። ኩባንያው በ2024 ከሰሰ፤ በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የግዛቱ ሕግ ከፌዴራሉ ሕግ ጋር ስለሚጋጭ ሊጸና አይችልም ሲሉ ወሰኑ።

ስለዚህ የወንዙ ዳር ነዋሪዎች በግዛቱ የተቋቋመው የጣቢያ አፈራረስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ስብሰባ ላይ አጥብቀው ሊጠይቁት የሚገባው የመልቀቁን ዝርዝር ነው፤ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በባሕሩ ሙላት ነው ወይስ በጉድለቱ፣ በታንኩ ውስጥና በመለቀቂያው ቦታ በሊትር ስንት ቤከሬል፣ ከኩባንያው ውጭ ናሙናውን የሚወስደውና የሚለካው ማን እንደሆነ፣ የመጠጥ ውሃ የሚቀዱት ሰባቱ ማኅበረሰቦችም ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገራቸው።