ክሪፕቶን በኦንላይን የክፍያ አገልግሎት መሸጥ፦ ሻጩን የሚጠብቁት አደጋዎች

ቢትኮይን፣ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከአንድ ዶላር ጋር እንዲስተካከል የተሠራ) ወይም ሌላ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ ያለው ሰው ወደ ገንዘብ መቀየር ሲፈልግ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ራሱ ገዢ ፈልጎ ክፍያውን በፔይፓል፣ በካሽ አፕ፣ በዜል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መቀበል ነው። ሲታይ ቀላል ነው። ገዢው ገንዘቡን ይልካል፣ ሻጩ ክሪፕቶውን ወደ ገዢው ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ያስተላልፋል፣ በጥቂት ደቂቃ ሁሉም ያልቃል። ችግሩ የሚለዋወጡት ሁለት ነገሮች ጠባያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ክሪፕቶው በብሎክቼይን (የክሪፕቶ ዝውውር ሁሉ በሚሰፍርበት መዝገብ) ላይ አንዴ ከተረጋገጠ ላኪው "ተሳስቻለሁ" ብሎ የሚመልስበት መንገድ የለም፤ የሚያመለክትበት ቅርንጫፍ ወይም የሚደውልበት የደንበኞች አገልግሎትም የለም። በኦንላይን የገባው ገንዘብ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተመልሶ ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ እጅ በእጅ የሸጠ ቢመስለውም በተግባር ለማያውቀው ሰው ዱቤ ሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚዘረዘሩት አደጋዎች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚመነጩ ናቸው።

ጉዳዩ ከቢትኮይን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቀው የቢትኮይን ፈጣሪ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ባሰራጨው ባለ9 ገጽ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ያነሳው ቅሬታ ይኸው ነበር፦ ባንኮች ክርክር ከመዳኘት ማምለጥ ስለማይችሉ በእነሱ በኩል የሚያልፍ ክፍያ ፈጽሞ የማይቀለበስ ሊሆን አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ነጋዴ ደንበኛውን ሁልጊዜ በጥርጣሬ እንዲያይ ይገደዳል። ቢትኮይን የተሠራው ከዚህ ለመውጣት ነበር። ሆኖም በዶላር መሸጡ የታወቀው የመጀመሪያው ቢትኮይን የተከፈለው በፔይፓል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2009 ፊንላንዳዊው ማርቲ ማልሚ 5,050 ቢትኮይን በ5 ዶላር ከ2 ሳንቲም ሸጠ፤ ገንዘቡም በፔይፓል ገባለት። ያ ግብይት በሰላም አለቀ። ዋጋው ሲጨምር ግን ነገሩ እንዲያ አልቀጠለም።

ጄድ ማካሌብ በጁላይ 2010 ማውንት ጎክስ የተባለውን የቢትኮይን መገበያያ ሲከፍት ደንበኞች ገንዘብ የሚያስገቡት በፔይፓል ነበር። አጭበርባሪዎች ወዲያው ቀዳዳውን አገኙት፤ ገንዘብ ያስገባሉ፣ ቢትኮይን ይገዛሉ፣ ቢትኮይኑን ወደ ራሳቸው ዋሌት ያወጣሉ፣ ከዚያ የፔይፓሉን ክፍያ ያስቀለብሳሉ። ማውንት ጎክስ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፔይፓልን ትቶ ሊበርቲ ሪዘርቭ ወደተባለ አገልግሎት ተሻገረ፤ እሱንም የአሜሪካ መንግሥት በሜይ 2013 በገንዘብ ማጠብ ወንጀል ዘጋው። መገበያያዎች ዛሬም ድረስ ከባንክ ዝውውር ይልቅ ካርድንና ፔይፓልን በጥንቃቄ የሚያዩት፣ ገደብና መቆያ ጊዜ የሚያበዙት ከዚህ ልምድ ተነስተው ነው። ኩባንያ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በቴሌግራም ለማያውቀው ሰው የሚሸጥ ግለሰብ የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ክፍያ የሚቀለበስባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ገዢው በራሱ በክፍያ አገልግሎቱ ላይ የሚከፍተው ክርክር ነው፤ "የገዛሁት ዕቃ አልደረሰኝም" ይላል። ፔይፓል ለዚህ ከክፍያው ቀን ጀምሮ 180 ቀን ይሰጣል። ሁለተኛው ቻርጅባክ፣ ማለትም በካርዱ ባንክ በኩል ክፍያን ማስመለስ ነው፤ ገዢው ክፍያውን የፈጸመው በክሬዲት ካርድ ከሆነ የክፍያ አገልግሎቱን አልፎ በቀጥታ ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይሄዳል። በቪዛ ደንብ ለአብዛኛው ዓይነት አቤቱታ ጊዜው 120 ቀን ነው። ሦስተኛውና ለሻጩ እጅግ የሚከብደው "ይህን ክፍያ እኔ አልፈጸምኩም" የሚለው ነው። በዚህ ጊዜ ከፋይ ሆኖ የቀረበው ሰው በእርግጥም አካውንቱ የተሰረቀበት ንጹህ ሰው ሊሆን ይችላል። ሻጩ የተነጋገረው ከሌባው ጋር ነው፣ ገንዘቡ የመጣው ደግሞ ከተሰረቀው ሰው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያልፈቀደው ክፍያ የተፈጸመበት ሰው ለባንኩ ለማሳወቅ እስከ 13 ወር ድረስ ጊዜ አለው። በአሜሪካ ያለው ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት በተሰረቀ ካርድ ለተፈጸመ ክፍያ ያለበትን ኃላፊነት ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ይገድባል። እነዚህ ሕጎች ተገቢ ናቸው፤ ካርዱ የተሰረቀበትን ሰው ማን ይካሰው? ይሁንና ጉዳቱ አየር ላይ አይቀርም፤ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፣ ያም ብዙ ጊዜ ክሪፕቶውን የላከው ሻጭ ነው።

ነገሩ በተግባር እንዲህ ይሆናል እንበል። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ሰው 600 ዩኤስዲቲ ለመሸጥ ማስታወቂያ ያወጣል። ገዢው በፔይፓል 640 ዶላር እከፍላለሁ ይላል፤ ከገበያው ዋጋ በላይ። ገንዘቡ ወዲያው ይገባል፣ ሻጩ ዩኤስዲቲውን ትሮን በተባለው የብሎክቼይን ኔትወርክ ይልካል፣ ሁለቱም ይመሰጋገናሉ። ሻጩ ከገንዘቡ ከፊሉን የቤት ኪራይ ከፍሎበታል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከፔይፓል ኢሜይል ይመጣል፦ የካርዱ ባለቤት ክፍያውን ክዷል፣ ጉዳዩ እስኪጣራ 640 ዶላሩ ተይዟል። ሻጩ የቻት ስክሪንሾትና የብሎክቼይን ማረጋገጫ ያቀርባል። ማረጋገጫው እውነተኛ ነው፤ ችግሩ የሚያሳየው አንድ የቁጥርና የፊደል አድራሻ ክሪፕቶ መቀበሉን እንጂ የካርዱ ባለቤት መቀበሉን አለመሆኑ ነው። የፔይፓል የሻጭ ጥበቃ ደግሞ ከጥሬ ገንዘብ ጋር የሚስተካከሉ ነገሮችን አይሸፍንም። ክርክሩ በገዢው ወገን ይዘጋል፣ የሻጩ ሒሳብ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በላዩም የቻርጅባክ ቅጣት ይጨመራል። ሻጩ ካልከፈለ ዕዳው ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሊተላለፍ ይችላል።

ከገበያ በላይ የቀረበው ዋጋ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሄልሲንኪ ውስጥ ተመሥርቶ በ2023 በተዘጋው ሎካልቢትኮይንስ በተባለ፣ ሰዎች እርስ በርስ ቢትኮይን በሚሻሻጡበት ድረ ገጽ ላይ በፔይፓል የሚሸጥ ቢትኮይን በባንክ ዝውውር ከሚሸጠው ጎላ ብሎ የተወደደ ነበር። ልዩነቱ ሻጮች ለመቀልበስ አደጋ የሚያስከፍሉት ነው። ታማኝ ገዢ ይህን ያህል ጨምሮ የሚከፍልበት ምክንያት ብዙም የለም፤ በሰው ካርድ የሚከፍል ሰው ግን ዋጋ አያስጨንቀውም።

ብዙ ሻጮች መፍትሔ ብለው የሚይዙት በፔይፓል "ለወዳጅና ለቤተሰብ" የሚላከውን የክፍያ ዓይነት ነው። እውነት ነው፣ በዚህ መንገድ የከፈለ ሰው "ዕቃ አልደረሰኝም" ብሎ በፔይፓል መከራከር አይችልም። ነገር ግን ከሦስቱ በሮች አንዱ ብቻ ነው የተዘጋው። አካውንቱ የተሰረቀበት ሰው አሁንም ይጮኻል፣ በካርድ የተከፈለም ከሆነ ባንኩ አሁንም ይቀለብሳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ይህን የክፍያ ዓይነት ለሽያጭ መጠቀም ራሱ የፔይፓልን ደንብ መጣስ ስለሆነ ሻጩ ለመከራከር ሲቀርብ እጁ ላይ ጥፋት ይዞ ይቀርባል። ደንብ በመጣስ የታገደ አካውንት ውስጥ ያለ ገንዘብ እስከ 180 ቀን ሊያዝ ይችላል።

ሌላው አደጋ ገንዘቡ ጭራሽ ሳይገባ የገባ ማስመሰል ነው። ከፔይፓል ወይም ከዜል የመጣ የሚመስል ኢሜይል "ክፍያው ተይዟል፣ ክሪፕቶውን ስትልኩ ይለቀቃል" ይላል፤ እንዲህ ዓይነት አሠራር በየትኛውም አገልግሎት የለም። አገር ቤት ያለው መልኩ ስክሪንሾትና አጭር መልእክት ነው። የንግድ ባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት ቃል በቃል ተቀድቶ፣ የብሩ መጠንና ስሙ ተቀይሮ ከተራ የሞባይል ቁጥር ይላካል። ስልኩን በችኮላ የሚያይ ሰው "ገቢ ሆኗል" የሚለውን እንጂ ከላይ ያለውን የላኪ ቁጥር አያይም። ቴሌብር መልእክቱን የሚልከው በ127 ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መልእክቱን ትቶ መተግበሪያውን ራሱ ከፍቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው፤ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ብዙም የማይወራለት፣ ግን እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው የሦስተኛ ወገን ክፍያ ነው። አጭበርባሪው በአንድ በኩል በፌስቡክ ስልክ ወይም ላፕቶፕ እሸጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። በሌላ በኩል ከክሪፕቶ ሻጩ ጋር ይዋዋላል። ስልክ ሊገዛ የመጣውን ሰው "በዚህ አካውንት ክፈል" ብሎ የክሪፕቶ ሻጩን ቁጥር ይሰጠዋል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል፣ ሐሰተኛ መልእክት የለም፣ ሻጩም ክሪፕቶውን ይለቃል። ስልኩ ያልደረሰው ሰው ወደ ፖሊስ ሲሄድ ግን በእጁ ያለው ስምና የባንክ ቁጥር የክሪፕቶ ሻጩ ነው። አጭበርባሪው በመዝገብ ላይ የለም። ሻጩ ተጠርጣሪ ሆኖ አካውንቱ ይታገዳል፣ ደመወዙም እዚያው ውስጥ ከሆነ አብሮ ይታሰራል። ቻይና በኦክቶበር 2020 በማጭበርበር ሥራ ላይ በሚውሉ የባንክና የሲም ካርዶች ላይ ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ የክሪፕቶ ሻጮች አካውንት መታገድ የተለመደ ሆኗል፤ በህንድም እንዲሁ። በብሪታንያ ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ተታሎ ገንዘብ ለላከ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ ካሳ እንዲከፈል፣ ወጪውንም ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል እንዲካፈሉ ተደንግጓል። ተቀባይ ባንክ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ በሚጠራጠረው አካውንት ላይ እጁ መፍጠኑ አይቀርም።

ፒቱፒ የሚባሉት፣ ሰዎች እርስ በርስ የሚሻሻጡባቸው መገበያያዎች፣ ለምሳሌ ባይናንስ ያለው፣ ክሪፕቶውን በመካከል ይዘው ሻጩ "ሪሊዝ" (ይለቀቅ) እስኪል ይጠብቃሉ። ይህ የሚጠብቀው በዋናነት ገዢውን ነው፤ ሻጩ ገንዘብ ተቀብሎ እንዳይጠፋ። ሻጩን የሚጠቅመው ገዢው ማንነቱን ያስመዘገበ መሆኑ ነው፤ ይህም የሚሠራው ሻጩ የከፋዩን ስም ከተመዘገበው ስም ጋር ካመሳከረ ብቻ ነው። "ወንድሜ ነው የከፈለልኝ፣ የእኔ አካውንት ተበላሽቶ" የሚል ገዢ ሲመጣ ገንዘቡን ወደመጣበት መልሶ ግብይቱን መሰረዝ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "ሚድልማን" (በመካከል ሆኖ አገበያያለሁ የሚል) ሆኖ የሚቀርበው ሰው ደግሞ ምንም ዓይነት ዋስትና አይደለም፤ ስሙንና ፎቶውን አስመስሎ ሌላ አካውንት መክፈት የማንም ሥራ ነው።

የሕግ ጎኑም አለ። በአሜሪካ የፋይናንስ ወንጀል መከላከያው መሥሪያ ቤት ፊንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ክሪፕቶን እንደ ሥራ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው እንደ ገንዘብ አስተላላፊ መመዝገብ እንዳለበት ገልጿል፤ በኤፕሪል 2019 አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሳይመዘገብ በመሥራቱ 35,000 ዶላር ተቀጥቷል። ለራሱ የገዛውን አንዴ የሚሸጥ ሰው ሌላ ነው፤ ሆኖም በዲሲና በቨርጂኒያ አካባቢ በዜል ዶላር እየተቀበለ ዩኤስዲቲ አዘውትሮ የሚሸጥ ወገን ይህን ሊያውቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር በስልክ መላክ እጅግ ቀሏል፤ ስለሆነም ዩኤስዲቲን በብር የሚቀይሩ ግሩፖች በቴሌግራም በቀላሉ ይገኛሉ። ተጭበርብሮ አቤት የሚል ሻጭ ግን በመጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ስለ ራሱ ግብይት ነው። ብዙዎች ዝም የሚሉት ለዚህ ነው፣ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ክሪፕቶን ለራሱ ለክፍያ ኩባንያው መሸጥ የተለየ ነገር ነው። ፔይፓል እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ላሉ ደንበኞቹ ክሪፕቶ መግዛትና መሸጥ ፈቅዷል፤ ከ2022 ወዲህ ከውጭ ዋሌት ማስገባትም ይቻላል። እዚያ ገዢው ኩባንያው ስለሆነ የተሰረቀ ካርድም፣ ተከራካሪም የለም። ዋጋው ከገበያው ዝቅ ይላል፣ ትርፉም ለግብር ይመዘገባል። ፈቃድ ያላቸው መገበያያዎችም በባንክ ዝውውር ይህንኑ ያደርጋሉ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብሎ ለማያውቀው ሰው በፔይፓል መሸጡ አይታየኝም።

አንዴ ከተሸጠ በኋላ ክርክር የመጣበት ሻጭ ጊዜ ማባከን የለበትም፤ ለቻርጅባክ ምላሽ የሚሰጠው ጊዜ የጥቂት ቀናት ነው። የቻቱን ሙሉ ቅጂ፣ የገዢውን የዋሌት አድራሻና የዝውውሩን መለያ ቁጥር ሳይዘገይ ማስቀመጥ ያሻል፤ በቴሌግራም ሌላኛው ወገን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። የተላከው ዩኤስዲቲ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠባብ ዕድል አለ። አውጪው ኩባንያ ቴዘር በሕግ አስከባሪ አካል ጥያቄ አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል፤ አድርጎም ያውቃል። ይህ የሚሆነው ግን ሳንቲሙ ወደ ሌላ ዓይነት ክሪፕቶ ሳይቀየር ለፖሊስ ከደረሰ ነው፤ ቢትኮይን ለላከ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ የሚያግድለት አካል የለም።