ዲኤንኤ ሜቲሌሽን ምንድን ነው? መድኃኒትስ እንዴት ይነካዋል?

ዲኤንኤ ሜቲሌሽን ማለት ሳይቶሲን በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ሜቲል፣ ማለትም አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን፣ መጨመር ነው። በሰው ሴል ውስጥ ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ከሳይቶሲን ቀጥሎ ጓኒን በሚመጣበት ቦታ ነው። የፊደሎቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ የሚለወጠው መነበባቸው ነው። በጂኑ መነሻ አካባቢ ሜቲል ሲበዛ ጂኑ ሥራውን ያቆማል።

ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። የጉበትና የነርቭ ሴሎች አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ምልክቱን የሚያኖሩት ዲኤንኤምቲ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ዲኤንኤምቲ3ኤ እና 3ቢ በአዲስ ቦታ ላይ ያኖራሉ፤ ዲኤንኤምቲ1 ደግሞ ሴል ለመከፈል ዲኤንኤውን ሲያባዛ በአሮጌው ክር ላይ ያለውን ምልክት ተከትሎ በአዲሱ ላይ ይደግመዋል። መድኃኒቱ የሚገባው በዚህ ድግግሞሽ መሀል ነው።

በአንዳንድ ካንሰሮች የሴልን መባዛት የሚገቱ ጂኖች በሜቲል ይዘጋሉ። ኤምዲኤስ በሚባለው የመቅኔ በሽታ ፒ15 የተባለው ጂን ብዙ ጊዜ እንዲህ ተዘግቶ ይገኛል። በሚውቴሽን፣ ማለትም በፊደሎቹ መለወጥ፣ የተበላሸ ጂን በመድኃኒት አይጠገንም። በሜቲል የተዘጋው ግን ፊደሉ ደህና ስለሆነ እንደገና ሊከፈት ይችላል፤ ተስፋው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ዋናዎቹ መድኃኒቶች አዛሲቲዲንና ዴሲታቢን ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1964 በቼኮዝሎቫኪያ ተሠሩ፤ ሜቲሌሽንን እንደሚያጠፉ ግን ተመራማሪዎቹ ፒተር ጆንስና ሸርሊ ቴይለር ያሳዩት በ1980 ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አዛሲቲዲንን ለኤምዲኤስ የፈቀደው በ2004 ነበር። መድኃኒቱ ሳይቶሲንን ስለሚመስል ሴሉ ዲኤንኤውን ሲያባዛ ተሳስቶ ያስገባዋል። ዲኤንኤምቲ1 ሜቲል ሊያኖርበት ሲመጣ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሴሉም ያንን ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ሴሎች ምልክቱን እያጡ ይሄዳሉ።

በአወሳሰዱ ላይ ያሉት ሕጎች ሁሉ ከዚህ ይመጣሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው በሚከፈል ሴል ላይ ብቻ ስለሆነ በተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ ውጤቱም ይዘገያል። መጠኑን መጨመር አያፋጥነውም፤ መጠኑ ሲበዛ ጂን ከመክፈት ይልቅ ሴል ወደ መግደል ያዘነብላል።

የአዛሲቲዲን የተለመደ መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት የላይ ገጽ ስፋት 75 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ ለ7 ቀናት፣ በየ28 ቀኑ ነው። ስፋቱ 1.6 ካሬ ሜትር የሆነ ታካሚ በቀን 120 ሚሊግራም፣ ማለትም ከአንድ ባለ 100 ሚሊግራም ብልቃጥ በላይ ይፈልጋል። ከቆዳ ሥር ለሚወጋ እያንዳንዱ ብልቃጥ በ4 ሚሊሊትር ንጹሕ የመርፌ ውኃ ይበጠበጣል፤ የታካሚው መጠን 4.8 ሚሊሊትር ይሆናልና በሁለት ሲሪንጅ ተከፍሎ በተለያየ ቦታ ይወጋል። ድፍርስ መሆኑ ትክክል ነው። ሲሪንጁን ከመውጋት በፊት በመዳፍ መሀል ማሽከርከር ያስፈልጋል፣ አለዚያ መድኃኒቱ ይዘቅጣል።

ውኃ የነካ አዛሲቲዲን ወዲያው መፍረስ ይጀምራል። በክፍል ሙቀት (25 ዲግሪ) የሚቆየው 1 ሰዓት ብቻ ነው፤ በበጋ የአዳማ ክፍል ከዚያ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ታካሚው ተዘጋጅቶ ሳይቀመጥ መበጥበጥ አይገባም። በደም ሥር ሲሰጥ የሚቀላቀለው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት በሚባሉት የደም ሥር ፈሳሾች ነው። በ5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ፣ በተለምዶ ጉሉኮስ በምንለው፣ ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መፍረሱን ያፋጥነዋል።

አዳማ እየኖረ አዲስ አበባ የሚታከም ሰው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ 7 ቀን ማመላለስ ይከብደዋል። ቅዳሜና እሑድ የማይሠራ ክፍል ከሆነ 5 ቀን ሰጥቶ፣ 2 ቀን አርፎ፣ ቀሪውን 2 ቀን መጨረስ በሥራ ላይ ያለ አማራጭ ነውና ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሕክምናውን በብዛት የሚያከሽፈው ስህተት ቶሎ ማቆም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዑደቶች (አንዱ ዑደት 28 ቀን ነው) ነጭ የደም ሴልና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ከበፊቱም ይወርዳሉ፣ ታካሚውም ቤተሰቡም «ባሰበት» ብለው ይተዋሉ። አብዛኛውን ጊዜ 6 ዑደት ሳይሞላ አልሠራም አይባልም። የሠራለትም ቢሆን ሲያቆም ሜቲሉ ይመለሳል፤ ስለዚህ እስከጠቀመ ድረስ ይቀጥላል።

ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። አዳማ ላይ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ነገር ግን የደም ሴል ቆጠራ አብሮ ይሠራ፣ ነጭ ሴሉ ዝቅ ካለ አንቲባዮቲክ አይዘግይ። ለዚህም ታካሚው ምን መድኃኒት ላይ እንዳለ መናገር አለበት። ፅንስን ስለሚጎዳ ወንዱም ሴቷም የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚዋጥም አለ፦ ዴሲታቢን 35 ሚሊግራም ከሴዳዙሪዲን 100 ሚሊግራም ጋር፣ ለ5 ቀናት። ሴዳዙሪዲን አንጀትና ጉበት ውስጥ መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይገታል። የአዛሲቲዲን ክኒንም ተፈቅዷል፤ መጠኑና አገልግሎቱ ግን ከመርፌው የተለየ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።