ስምምነትን ማጽደቅ ምንድን ነው?

«መንግሥት ስምምነቱን ፈረመ» የሚል ዜና ስንሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ገና ነው። አገር በዓለም አቀፍ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ የምትታሰረው ስታጸድቀው ነው። ይኸውም ሥልጣን ያለው የአገር ውስጥ አካል፣ ብዙ ጊዜ ፓርላማው፣ ከተቀበለው በኋላ የማጽደቂያው ሰነድ በይፋ ገቢ ሲደረግ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ፈራሚው ያለበት ግዴታ የስምምነቱን ዓላማ የሚያፈርስ ነገር አለማድረግ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለፊርማ የቀረበው እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2007 ነበር። በዕለቱ 82 አገሮች ፈረሙ። በዚያው ቀን ያጸደቀችው ግን ጃማይካ ብቻ ነበረች።

አየርላንድም ያን ቀን ፈርማለች። ያጸደቀችው በማርች 2018 ነው። 11 ዓመት ሙሉ «በሂደት ላይ ነው» ሲባል ከረመ! ለመዘግየቱ የተሰጠው ምክንያት መጀመሪያ የአገር ውስጥ ሕጎችን እናስተካክል የሚል ነበር። ሰበብ ብቻም አልነበረም። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብቱ ከማንም እኩል ነው ይላል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ በ1871 የወጣ ሕግ ይሠራ ነበር። በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት አንድን ሰው «ማሰብ አይችልም» ካለ፣ ስለ ገንዘቡም ስለ ኑሮውም ሌላ ሰው ይወስንለታል። ይህን የሚተካ አዋጅ በ2015 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በኤፕሪል 2023 ነው። ልብ በሉ፣ ስምምነቱ ከጸደቀ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «መጀመሪያ ሕጉን» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል።

አሜሪካ ደግሞ በ2009 ፈርማ እዚያው ቆማለች። ሴኔቱ በ2012 ድምፅ ሲሰጥ 61 ደገፉ፣ 38 ተቃወሙ። አብላጫ ነው፤ ግን ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ስለነበር በአምስት ድምፅ ወደቀ።

ስለዚህ ባለሥልጣን «ለማጽደቅ እየሠራን ነው» ሲል የትኛው ሕግ እንዳገደው፣ ረቂቁ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። የትኛውን አንቀጽ ሳይቀበል ሊያጸድቅ እንዳሰበም እንዲሁ። ሌላው ከስምምነቱ ጎን ያለውና ለብቻው የሚጸድቀው ሰነድ፣ ተጨማሪው ፕሮቶኮል ነው። መብቱ የተጣሰበት ሰው በአገሩ ፍርድ ቤቶች መፍትሔ ካጣ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ አቤት የሚልበት መንገድ ይኸው ነው። ስምምነቱን ማጽደቅ ፕሮቶኮሉን መቀበል ማለት አይደለም፤ አየርላንድ እንኳ የተቀበለችው በ2024 ነው።