«መጋረጃ መራጯ መጣች»፦ ስለ ሆቴል የውስጥ ዲዛይን ወሎ ውስጥ የምሰማቸው ስህተቶች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ላሊበላ እየተመላለስኩ የሆቴሎችን የውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። በየሳይቱና በየቡናው ስለ ሙያው የሚነገረኝ ግን ከምውልበት ሥራ ጋር አይገናኝም። አንዳንዱ ግምት ማንንም አይጎዳም። ሌላው ግን የባለቤቱን ገንዘብ ያስበላል፣ የእንግዳውን እንቅልፍ ይነሳል።

«ዲዛይነር ማለት ቀለምና መጋረጃ የሚመርጥ ነው»

ከሁሉ በላይ የምሰማው ይኼንን ነው። ስለዚህም የምጠራው ግድግዳው ተለስኖ፣ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ የመብራቱ መስመር ከተቀበረ በኋላ ነው። «በይ አሁን አሳምሪልን» እባላለሁ። ያን ጊዜ ብዙው ነገር አልፏል። አልጋው የት እንደሚቀመጥ ሳይታወቅ ሶኬቱ ተተክሏል፤ እንግዳው ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ይተወዋል። ማብሪያው በሩ ሲከፈት ከጀርባው ተደብቋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ወደ ፍሳሹ መውረድ ሲገባው ወደ በሩ አዘንብሏል። ይኼን የትኛውም መጋረጃ አይሸፍነውም።

ትክክለኛው ጊዜ ብሎኬቱ ሳይደረደር ነው። ሆቴሉ 40 ክፍል ካለው አንዱን ክፍል አስቀድመን እስከ ፎጣ መስቀያው ድረስ እንጨርስና እንፈትሸዋለን። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ አድራለሁ። መብራቱን አጥፍቼ በጨለማ ሽንት ቤቱን እፈልጋለሁ፤ ሻንጣዬን ከፍቼ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ማለፍ እሞክራለሁ፤ ሁለት ሰው ጎረቤት ክፍል አስገብቼ አስወራለሁ። አንድ ጊዜ የሚያወሩት ቃል በቃል ተሰማኝ። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል፤ ከላይ እስካለው የኮንክሪት ወለል፣ እስከ ሶሌታው፣ አልተነሳም ነበር። ድምፁ በኮርኒሱ በላይ እየተሻገረ ነው። ያን ሌሊት ባይሰማኝ ኖሮ ስህተቱ 40 ጊዜ ይደገም ነበር።

«ደሴ ላይ ያማረ ኮምቦልቻም ላይ ያምራል»

ሁለቱ ከተሞች በመኪና ከአንድ ሰዓት አይርቁም። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ባለቤት በሁለቱም ከተማ አንድ ዓይነት ክፍል እንድሠራላቸው ፈለጉ፤ ሰፊ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ወፍራም ምንጣፍ። ምንጣፉ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀትና አቧራ ይይዛል፤ ወደ ምዕራብ የዞረው መስታወት ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ደሴ ላይ ደግሞ ክረምት ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ባዶው ሴራሚክ እግር ያስራል፣ ከታች ውሃ የነካው የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ቁም ሣጥንም ያብጣል። ኮምቦልቻ ላይ ወባ ስላለ ኮርኒሱ ላይ ጠንካራ የአጎበር ማንጠልጠያ ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ያ ገንዘብ ለሁለተኛ ብርድ ልብስና ለማስቀመጫው ቢውል ይሻላል። ጋሼን ለማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያሳመናቸው ሥዕሌ አይደለም፤ በሐምሌ ደሴ ላይ ባዶ እግራቸውን ሴራሚኩ ላይ አቆምኳቸው።

«ወሎን ማሳየት የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ መስቀል ነው»

ላሊበላን ማን ይጠላል? 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ እኛ ከዚያ በፊት ለዘመናት ስንሳለማቸው ኖረናል። ነገር ግን በየክፍሉ አንድ ዓይነት ፎቶ መስቀል እንግዳውን ወሎ ውስጥ አያስገባውም። እዚያው ላሊበላ ከድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ቤቶች አሉ። የግድግዳቸውን ውፍረት፣ የመስኮታቸውን ጠባብነት፣ ውስጣቸው ያለውን ጸጥታ ማጥናት ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

ወሎ ማለት ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዛምዶ የሚኖርበት አገር ነው። መካና ደሴ ሁለቱም በ39ኛውና በ40ኛው ኬንትሮስ መካከል ስለሚገኙ፣ ከደሴ ቂብላው፣ ማለትም ሙስሊሙ ሲሰግድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ከሞላ ጎደል ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ይኼን የሚያውቅ ዲዛይነር የሽንት ቤቱ መቀመጫ ፊቱን ወይም ጀርባውን ወደ ሰሜን እንዳይሰጥ ገና ቧንቧው ሳይቀበር ይወስናል፤ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ፣ ዝቅ ያለ የውሃ መክፈቻ ያስቀምጣል፤ ምንጣፍ የሚዘረጋበት ቦታ በአልጋው አጠገብ ይተዋል። የቡናው ቦታም እንዲሁ ነው። ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ረከቦት ከጭስ ጠቋሚው ሥር ከተቀመጠ በየቀኑ ደወል ይጮኻል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጠቋሚውን ይነቅለዋል፤ ከዚያ ሆቴሉ ያለ እሳት መከላከያ ያድራል። ስለዚህ ለቡናው ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ያለው የራሱ ጥግ እሰጠዋለሁ።

«ከውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል»

አይደለም። ከውጭ የመጣ የበር እጀታ ሲሰበር መለዋወጫው አይገኝም፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ይለያል። ደህና አናጺና ደህና ሸማኔ ያለበት አገር ላይ ነን። የአልጋ ግርጌ ላይ የሚጣል ልብስ ከሸማኔ ሳሠራ ካለቀ ሌላ አሠራለሁ።

«ገንዘቡ ብዙ፣ ድካሙ ትንሽ ነው»

ይኼ ያሳዝነኛል። የመጨረሻው ክፍያ ሆቴሉ ተመርቆ፣ ሙክቱ ታርዶ፣ ዘፋኙ ሄዶም አይመጣም። አንድ ቦታ ስድስት ወር የሠራሁት ንድፍ በፎቶ ተቀድቶ ሳልጠየቅ ሌላ ሆቴል ላይ ተሠርቶ አገኘሁት፤ ከነስህተቱ፣ ቦታው የማይፈልገው መስኮት ጭምር። ላሊበላ ላይ ለገና ሰው ማደሪያ ያጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ ባለቤቱ እዳውን መክፈል ሲያቅተው የእኔም ሒሳብ አብሮ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደርሶ ካለፈ በኋላ የሠራሁበት አንድ ሆቴል ገባሁ። ፍራሽ የለም፣ የውሃ መክፈቻዎቹ ተነቅለዋል፣ ናሙና ብለን ያደርንበት ክፍል በሩ የለም። እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ባለቤቱ ግን «አብሽሪ፣ ልኬቱ አንቺ ጋ አለ አይደል?» አሉኝ። አለ። ከእሱ ተነስተን እንደገና ሠራነው።

ሥራው ደስ የሚያሰኘኝ እንግዳ «ያምራል» ሲል ብቻ አይደለም። ያው ሆቴል ዳግም ሲከፈት የአልጋዎቹን እግር ከፍ አድርጌ ነበር፤ መጥረጊያ ከሥሩ እንዲገባ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ክፍል የምታጸዳ ሴት ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ።

«አልጋውን ከፍ ያደረግሽው አንቺ ነሽ አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ።»

«በፊት ፍራሹን ገፍቼ ነበር የምጠርግ። አሁን ወገቤ ተመለሰ። ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ» አለችኝና ባልዲዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች።