የእንጨት መርከብ ሞዴል ሥራ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የእንጨት መርከብ ሞዴል ሥራ ማለት በአንድ ዘመን ባሕር ላይ የነበረን ባለ ሸራ መርከብ በልኩ አሳንሶ፣ ከአጥንቱ እስከ ገመዱ፣ ከእንጨት መሥራት ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በጣፎና በሱሉልታ በኩል ይህን ሥራ ለመያዝ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በቅርብ ይገኛል። የእንጨት መሸጫው፣ አናጢው፣ ፈራሹ እዚያው ነው። በአማርኛ ግን ስለ ሙያው ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ስለሆነ ይህ ዳሰሳ ተዘጋጅቷል።

ሥራው ዕድሜ ጠገብ ነው። በቱታንካሙን መቃብር ውስጥ 35 የጀልባ ሞዴሎች ተገኝተዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የጦር መርከቦቻቸውን ሞዴል በ1 ለ 48 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ አሳንሰው፣ መሥራት ጀመሩ። ልኩ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

ልክ የሚመረጠው በቤቱ ስፋት ነው። የስዊድኑ ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው ሰምጦ በ1961 ከባሕር የወጣ መርከብ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 69 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ1 ለ 75 ሲሠራ 92 ሳንቲ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ የአንድ ግድግዳ ጉዳይ ነው። ቫሳ ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ብዛት ግን ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣል። አንድ ምሰሶ ባለው ትንሽ መርከብ መጀመር ይሻላል።

የሥራው ነፍስ እንጨቱ ነው። ውጭ አገር ያሉ ሠሪዎች የፒር፣ የዋልነትና የሊንደን እንጨት ይጠቀማሉ። እኛ ጋ ያለው ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ዝግባ ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ፣ ጭረቱ እኩል ነው። በቀጭኑ ሲሰነጠቅ እሺ ይላል፤ ለጎን ሳንቃ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ዋንዛ ለመርከቡ አጥንትና ለመቆሚያው ይሆናል። ጽድ መዓዛው ደስ ይላል፣ ቀይ ቀለሙም ያምራል፤ ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ወይራ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ የሽንብራ ፍሬ የምታህል የገመድ መዘውር ተቀርጾበት ጠርዙ አይረግፍም። የእጅ መስቀል የሚቀርጹ ሰዎች ወይራን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዛፍ በየአጥሩ ቢኖርም ሲደርቅ ስለሚጣመም ለሳንቃ አይመከርም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ጽድና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ከሰበታ ብዙ የማይርቀው፣ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን የጽድ አገር ነው፤ ለዐይን እንጂ ለመጋዝ አይደለም። ስለዚህ ደግ ሞዴል ሠሪ የሚገዛው ፈራሽ ነው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የዝግባ በር ወይም የወለል ጣውላ ለዘመናት ደርቋል፤ ከእንግዲህ አይላወስም። ሚስማሩ በፒንሳ ተነቅሎ፣ ቀለሙ ተፍቆ፣ በመላጊያ ሲገፋ ከውስጥ የሚወጣው እንጨት አዲስ ነው። አንድ የበር መዝጊያ ከአንድ መርከብ በላይ ይወጣዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመርከቡ አከርካሪ ይቆረጣል። በእሱ ላይ ከኮምፔርሳቶ የተቆረጡ አጥንቶች በቁመታቸው ይተከላሉ። ከዚያ ሁለት ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሳንቃዎች ከላይ ወደ ታች ይለብሳሉ። የመርከቡ አፍንጫ ላይ ሳንቃው መታጠፍ ስላለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ ቀስ ተብሎ ይጎብጣል። ቸኩሎ የጎተተው ሰው ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል።

ሳንቃውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው የእንጨት ችንካር ከቀርከሃ ይሠራል። ወፈር ያለ ላሜራ ላይ ከሰፊ ወደ ጠባብ ተራ በተራ ቀዳዳ ይበሳል። የቀርከሃው ስንጣሪ ጫፉ ተስሎ በቀዳዳዎቹ በፒንሳ ይሳባል። በየቀዳዳው ትርፉ እየተላጠ መጨረሻ ላይ ከአንድ ሚሊ የቀጠነ ድፍን ክብ ዘንግ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ከብረት ሚስማርም ያምራል።

የአውሮፓ መርከቦች ፕላን በቀላሉ ይገኛል። ትራፋልጋር ላይ የተዋጋው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክቶሪም፣ ሻይ ጫኙ ከቲ ሳርክም በየአገሩ ሺህ ጊዜ ተሠርተዋል። የእኛ ሰው ሊሠራው የሚገባው ግን የአዱሊስ መርከብ ነው።

አዱሊስ የአክሱም ወደብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ በዛሬዋ የመን ወደነበረው የሒምያር መንግሥት ሲዘምት በወደቡ የተሰበሰቡትን መርከቦች የናግራኑ ሰማዕት የቅዱስ አሬታስ ገድል በዝርዝር ጽፏል። የመጡትም በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ወደቦችና ደሴቶች ነው፦ ከአይላ 15፣ ከቁልዝም 20፣ ከዮታቤ 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን 7፣ ከህንድ 9፤ ጠቅላላ 60። ንጉሡ ራሱ ያሠራቸው 10 ደግሞ ተጨምረዋል። በዚያ ዘመን ከዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ የባሕር ዘመቻ መነሣቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀይ ባሕር መርከቦች ሳንቃቸው በሚስማር አይመታም፤ በገመድ ይሰፋ ነበር። ይህን የጻፈው የ6ኛው ክፍለ ዘመኑ የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ነው። ምክንያቱን ሲናገር ግን ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸው ነው ይላል። ይህ አያስኬድም። አዱሊስ ብረት ታስገባ እንደነበር ከእሱ በፊት በግሪክኛ የተጻፈው የነጋዴዎች መመሪያ፣ የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ፣ ይመሰክራል። በአክሱም ቁፋሮም የብረት መሣሪያ ወጥቷል። የተሰፋ መርከብ አሸዋና ኮራል ሲነካ እንደ ልብ ይለጠጣል፤ መስፋቱ ምርጫ ነበር።

ለሞዴሉ ቅርጽ ጥሩው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሰፋ መርከብ ነው። በእሱ መነሻነት ኦማን ውስጥ የተሠራው ጅወል ኦፍ መስካት 18 ሜትር ይረዝማል፤ በ2010 ሲንጋፖር ድረስ በሸራ ሄዷል። 18 ሜትሩ በ1 ለ 24 ሲሠራ 75 ሳንቲ ይሆናል። የአዱሊሱ ከዚህ 300 ዓመት ይቀድማል፤ ስለዚህ ሞዴሉ ግምት እንዳለበት መቆሚያው ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ሸራው ሦስት ማዕዘን ነው የሚሉ አሉ። በግብጽ የቀይ ባሕር ወደብ ማዮስ ሆርሞስ የተገኙት የሮማውያን ዘመን የጥጥ ሸራ ቁራጮችና የሸራ ቀለበቶች ግን ወደ አራት ማዕዘኑ ያደላሉ።

ገመዱ የአገር ቤት ጉዳይ ነው። ከፈትል መካከል ድሩ ከማጉ ይልቅ የተከረረና ጠንካራ ስለሆነ ሦስት ድር አብሮ ይገመዳል። ከዚያ በሰም ይታሻል። ሰሙ ክሩ ላይ የቆመውን ጭገር ያስተኛል፤ ያለዚያ ገመዱ ጠጉራም ይሆናል። ለሸራ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ስስ ነጠላ መፈለግ ነው። የተለመደው ነጠላ በ1 ለ 24 ሲታይ ድርና ማጉ እንደ ጆንያ ይጎላል። የተገኘው ጨርቅ በቀጭን ሻይ ይነከራል፤ ያ ንጣቱን ይሰብረዋል።

ወቅት መምረጥም አለ። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል። በሐምሌ የለበሰ ሳንቃ በጥር ሲደርቅ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ይከፍታል። ሳንቃ ማልበስ ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ክረምቱ ለገመድና ለቅርጽ ይሁን።

ያለቀ ሞዴል የመስታወት ሣጥን ይፈልጋል፤ የዳርቻው መንገድ አቧራ ገመድ መሐል ከገባ አይወጣም። ሣጥኑ ግን ድፍን አይሁን። የታፈነ አየር ውስጥ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ስለሚጠራቀም ከታች በኩል ትንሽ መተንፈሻ ይተውለታል። አሲዱ በተለይ እርሳስን ስለሚበላ መልህቁን ከእርሳስ ከማቅለጥ ከነሐስ መሥራት ይመረጣል።